የገዙት ካርድ ለምን አይታዘዝዎትም? ኤንቪዲያ፣ ሊኑክስና አራቱ በሮች

ሕግ የተማረ ሰው ስለ ኮምፒውተር ካርድ ሲጽፍ «ደግሞ እዚህ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው አግባብ ነው። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው፣ የጌም ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ሊኑክስ ላይ አልሠራም ሲል ችግሩ በአብዛኛው የሽቦና የብየዳ ችግር አይደለም። ካርዱ ጤነኛ ነው። የጎደለው ፈቃድ ነው፤ የጎደለው ፊርማ ነው፤ አንዳንዴም የጎደለው «ይህን ሥራ አንተ ሥራ» ብሎ የሚያዘው ሰው ነው። ፈቃድ፣ ፊርማና ትእዛዝ ደግሞ የሕግ ሰው የዕለት እንጀራ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ካርዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያልፋቸውን አራት በሮች አንድ በአንድ እንመለከታለን። እያንዳንዱ በር ከየት እንደመጣ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት እናያለን። በመጨረሻም አንባቢ ላፕቶፕ ሲገዛ ወይም ያለውን ወደ ሊኑክስ ሲያሻግር ምን መጠየቅ እንዳለበት እንጠቁማለን።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

«የጌም ላፕቶፕ» የሚለው የንግድ ስሙ ነው እንጂ ሁሉም ሰው ጌም አይጫወትበትም። ሕንጻ የሚነድፈው አርክቴክት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለሙያ፣ የኮምፒውተር ሞዴል የሚያሠለጥነው ተመራማሪ ሁሉ የሚፈልጉት ያንኑ ማሽን ነው፤ ራሱን የቻለ ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ ያለው እሱ ነውና። ዋጋውም የዋዛ አይደለም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴልና ጂቲኤክስ 1050 ወይም 1060 ካርድ ይዘው በብዛት የተሸጡት ላፕቶፖች ጉልበታቸው ሳያልቅ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የእነዚህ ማሽኖች ባለቤት ቀሪ ምርጫው ሊኑክስ ሲሆን፣ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ፈተና ግራፊክስ ካርዱ ነው። ጉዳዩ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ሳይሆን የንብረት ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በአንድ ቤት ሁለት ካርድ

በአብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ግራፊክስ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው፣ ጉልበቱ ያነሰ ግን ባትሪ የሚቆጥበው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ነው። ሁለተኛው ለብቻው የተገጠመው፣ ብዙ ጊዜ የኤንቪዲያ የሆነው ካርድ ነው። ለአንድ ስኒ ሻይ ትልቁን የእንጀራ ምጣድ የሚጥድ ባለሙያ የለም፤ ላፕቶፑም ደብዳቤ ሲጻፍበት ትንሹን፣ ከባድ ሥራ ሲመጣ ትልቁን እንዲጠቀም ታስቦ ነው የተሠራው።

ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ኦፕቲመስ ብሎ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ነው። በኦፕቲመስ አሠራር የላፕቶፑ ስክሪን የተያያዘው ከትንሹ ካርድ ጋር ነው። ትልቁ ካርድ ስዕሉን ሠርቶ ለትንሹ ያስረክባል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ትንሹ ነው። እንግዲህ ይህን ርክክብ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ከሌለ፣ ትልቁ ካርድ ከነሙሉ ጉልበቱ ተዘግቶበት ይቀመጣል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ርክክቡን የኤንቪዲያ ድራይቨር ይመራዋል። ሊኑክስ ላይ ግን በጊዜው ከኩባንያው የመጣ መፍትሔ አልነበረም።

ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በምብልቢ የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። በዚያው ዓመት ከመጫኛ ትእዛዞቹ በአንዱ ውስጥ አላግባብ የገባች አንዲት ባዶ ቦታ፣ የሲስተሙ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ዋናውን ማህደር እንዲጠፋ ታደርግ ነበር። ስህተቱ ወዲያው ቢታረምም ዝናው እስከ ዛሬ ይነገራል። ሰው የገዛውን ካርድ ለማሠራት ምን ያህል አደጋ ይሸከም እንደነበር ማሳያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በትውልድ አገሩ ፊንላንድ፣ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ፣ ከታዳሚዎቹ አንዷ ኦፕቲመስ ባለው ላፕቶፕ ምክንያት ስለገጠማት ችግር ጠየቀችው። መልሱ ከቃል አልፎ በመሃል ጣት የታጀበ ስድብ ሆነ፤ ቪዲዮውም ዓለምን ዞረ። ስድቡን ደግፈን አይደለም የምናነሳው። ነገር ግን አንድ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛው ዕቃ አልታዘዝ ሲለው የሚሰማውን ብስጭት ያን ያህል በግልጽ ያሳየ አጋጣሚ የለም።

ኤንቪዲያ በ2013 በ319 ድራይቨር የመጀመሪያውን መፍትሔ ሰጠ። በ2019 ደግሞ በ435 ድራይቨር አንድን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ ወደ ትልቁ ካርድ መላክ እንዲቻል አደረገ። በምብልቢም ጡረታ ወጣ። ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው በምብልቢን ጫን የሚል ምክር ከገጠመው፣ ምክሩ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ይወቅ።

የመጀመሪያው በር፦ ላይሰንስ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1204 ባለቤትነትን የሚገልጸው፣ በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ነው። ግራፊክስ ካርድ ግዙፍ ነገር ነው፤ ይዳሰሳል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር ግን አይዳሰስም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቀዋል፤ የሌሎች አገሮችም ሕግ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ሲገዙ ካርዱ የእርስዎ ይሆናል፤ ድራይቨሩ ግን በፈቃድ የተሰጠዎት የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ከ1992 ጀምሮ የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባለው ላይሰንስ ነው። የዚህ ላይሰንስ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ውሰድ፣ ተጠቀም፣ ቀይር፤ ለሌላ ስታሰራጭ ግን ከነምንጭ ጽሑፉ፣ ለተቀባዩም ያንኑ መብት ሰጥተህ አሰራጭ። ይህ የመልካም ፈቃድ ምኞት ብቻ አይደለም። የሙኒክ ፍርድ ቤት በ2004 ጂፒኤልን ተፈጻሚ አድርጎታል። የአሜሪካ ፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2008 ጃኮብሰን ከካትዘር በተባለው ክርክር፣ የክፍት ምንጭ ላይሰንስ ቅድመ ሁኔታዎችን መጣስ የቅጅ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል።

የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዝግ ነበር፤ ምንጭ ጽሑፉ አይሰጥም። ጂፒኤል ከሆነ ከርነል ጋር ዝግ ፕሮግራም አጣምሮ ማሰራጨት ይቻላል ወይ? አንድ ድራይቨር ከከርነሉ የመነጨ ሥራ ነው ወይስ ራሱን የቻለ? ባለሙያዎች ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። ኩባንያው ያገኘው መውጫ ለሕግ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ጂፒኤል ግዴታ የሚጥለው በሚያሰራጭ ላይ እንጂ በቤቱ በሚጠቀም ላይ አይደለም። ስለዚህ ዝጉ ክፍል ለብቻው ይመጣል፤ ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ስስ ክፍል ደግሞ በምንጭ ጽሑፉ ይመጣና እርስዎ ማሽን ላይ ይገጣጠማል። ጋብቻው የሚፈጸመው በእርስዎ ሳሎን ነው። ይህን የመገጣጠም ሥራ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር በራሱ የሚደግም ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ አለ።

የከርነሉ ሰዎችም ዝም አላሉም። ዝግ ሞጁል ሲገባ ከርነሉ ራሱን «የተበከለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ አንዳንድ የውስጥ አገልግሎቶቹንም ጂፒኤል ለሆኑ ሞጁሎች ብቻ ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ነው ከርነል ሲታደስ የኤንቪዲያ ድራይቨር አንዳንዴ አልገጣጠም የሚለው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር አንድ ነው። ድራይቨሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርደው በእጅ አይጫኑ። የሚጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት ባዘጋጀው መንገድ ይጫኑ፤ ከርነሉና ድራይቨሩ ተያይዘው እንዲታደሱ የሚያደርግ እሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» የሚለውን ከፍተው «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው ክፍል ውስጥ ሲገቡ፣ ለካርድዎ የሚሆኑት ተዘርዝረው ይመጣሉ፤ የሚመከረውም ምልክት አለው። ሊኑክስ ሚንት «ድራይቨር ማኔጀር» የሚል ተመሳሳይ መስኮት አለው። ፌዶራ ዝግ ፕሮግራም በራሱ ማከማቻ ስለማያስቀምጥ አርፒኤም ፊውዥን የተባለውን ማከማቻ መጨመር ያስፈልጋል። ፖፕ ኦኤስ ደግሞ የኤንቪዲያ ድራይቨር አብሮት የተዘጋጀ የመጫኛ ቅጂ አለው። የሚወርደው ፋይል በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅዎን አስቀድመው ያስቡበት፤ ሥራው መሃል ላይ መብራት እንዳይቋረጥበትም ባትሪው ይሞላ።

ሁለተኛው በር፦ የፋብሪካው ፊርማ

«ዝጉን አልፈልግም፤ ክፍቱን እጠቀማለሁ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኑቮ የሚባል ክፍት ድራይቨር አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። በጎ ፈቃደኞች ኤንቪዲያ ዝርዝሩን ሳይሰጣቸው የካርዱን ጠባይ እያጠኑ የሠሩት ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ 2010 በወጣው 2.6.33 ከርነል ውስጥ ገብቷል። ሊኑክስ ሲጭኑ ምንም ሳያደርጉ ስክሪኑ የሚበራው ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከወጡት፣ ሁለተኛው ትውልድ ማክስዌል ከሚባሉት ካርዶች አንስቶ፣ ካርዱ በኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ያልተፈረመበትን ፈርምዌር አልቀበልም ማለት ጀመረ። ፈርምዌር ማለት ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው የቁጥጥር ፕሮግራም ነው። ካርዱ ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን የሚጨምረው፣ ሲያርፍ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ኩባንያው በኋላ ለክፍቱ ድራይቨር የተወሰነ የተፈረመ ፈርምዌር ቢሰጥም፣ ፍጥነትን የሚመራውን ክፍል አልሰጠም። ውጤቱ፦ ኑቮ እነዚህን ካርዶች ማብራት ይችላል፤ ግን ሲነሱ በነበራቸው ዝቅተኛ ፍጥነት ታስረው ይቀራሉ። ከአንደኛ ማርሽ ወጥቶ እንደማያውቅ መኪና ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም እንበል። ካርዱ የእርስዎ ነው። ፍጥነቱን የሚጨምር ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉና የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። የሚከለክላቸው ሕግ ሳይሆን ካርዱ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ ነው፤ የቁልፉ ባለቤት ደግሞ ካርዱን የሸጠው ነው። በሕግ «ከሁሉ የሰፋ» የተባለው መብት በአንድ ፊርማ ሊጠብ መቻሉን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በሜይ 2022 ትልቅ ለውጥ መጣ። ኤንቪዲያ ከርነል ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል በጂፒኤልና በኤምአይቲ ላይሰንስ ከፈተው። ይህ የሚያገለግለው ቱሪንግ ከሚባለው፣ በ2018 ከወጣው ትውልድ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እነሱ ውስጥ ጂኤስፒ የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፤ ዋናው ምስጢርም ወደ እሱ ፈርምዌር ተዛውሯል። ጌም፣ ቪዲዮና ስሌት የሚያስኬዱት የላይኛው ክፍል ፕሮግራሞች ግን ዛሬም ዝግ ናቸው። በሩ ተከፈተ እንጂ ቤቱ አልተረከበም።

ያም ሆኖ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በጃንዋሪ 2024 የወጣው 6.7 ከርነል ኑቮ ያንኑ የጂኤስፒ ፈርምዌር ተጠቅሞ የአዲሶቹን ካርዶች ፍጥነት እንዲመራ አስችሎታል። ኤንቪኬ የሚባል ክፍት ድራይቨር ደግሞ ቩልካን የሚባለውን የዘመናዊ ጌሞች መሠረት ያሟላል። በራስት ቋንቋ የሚጻፍ ኖቫ የተባለ ተተኪም በ2025 በወጣው 6.15 ከርነል ውስጥ መሠረቱ ተጥሏል። ለዕለት ሥራ ግን፣ በተለይ ኩዳ ለሚያስፈልገው ሰው፣ ዛሬም ዋናው መንገድ የኩባንያው ድራይቨር ነው።

ሦስተኛው በር፦ የባለቤቱ ቁልፍ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ድራይቨሩ ያለ እንከን ተጭኗል፤ ማሽኑ ተነሥቷል፤ ካርዱ ግን የለም። ምክንያቱ ሴኪዩር ቡት ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012 ከወጣ ወዲህ የሚሸጡ ላፕቶፖች ሲነሡ የሚጭኑት ነገር በታመነ ቁልፍ የተፈረመ መሆኑን ያጣራሉ። ዓላማው መልካም ነው፤ ከሲስተሙ በታች የሚሸሸግ ቫይረስን መከላከል ነው። ታዋቂዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች በማይክሮሶፍት በተፈረመ ትንሽ መሸጋገሪያ ፕሮግራም በኩል ያልፋሉ። እርስዎ ሳሎን የተገጣጠመው የኤንቪዲያ ሞጁል ግን ማንም አልፈረመበትም። ስለዚህ ከርነሉ «አላውቅህም» ብሎ ይመልሰዋል።

መፍትሔው እርስዎ እንዲፈርሙ ነው። ሞክ ይባላል፤ ቃል በቃል «የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ» ማለት ነው። ኡቡንቱ ድራይቨሩን ሲጭን ቁልፉን ራሱ ያዘጋጃል፤ ከእርስዎ የሚፈልገው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሚጠብቅ፣ ወዲያው አንድ ቁልፍ ተጭነው «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ኮንቲኒው»፣ ከዚያ «የስ» ብለው የይለፍ ቃሉን ያስገቡ፤ በመጨረሻም «ሪቡት»። ሰማያዊውን ስክሪን ብልሽት መስሏቸው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ ካለፉት ቁልፉ አይመዘገብም፤ ድራይቨሩም አይገባም። በዚያ ስክሪን ላይ ኪቦርዱ የአሜሪካን አቀማመጥ ስለሚከተል የይለፍ ቃሉ ቀላል ፊደልና ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ኡቡንቱ ራሱ የፈረመበትን ዝግጁ ሞጁል ካገኙ ይህ ደረጃ ላይመጣ ይችላል።

ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ አቋራጩ መንገድ ነው። ነገር ግን የቤቱን በር ነቅሎ መጣልና ለቤቱ ባለቤት ቁልፍ ማስቀረጽ አንድ አይደሉም። የደንበኛ ሰነድ ወይም የድርጅት ሒሳብ ላፕቶፑ ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ሁለተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ዊንዶውስንም አብሮ የሚጠቀም ከሆነ፣ የዲስክ ምስጠራው በባዮስ ለውጥ ምክንያት የማስከፈቻ ቁልፍ ሊጠይቀው ስለሚችል አስቀድሞ ይያዘው።

አራተኛው በር፦ ሥራውን ወደ ካርዱ መላክ

ሦስቱ በሮች ተከፍተውም ጌሙ ወይም የሥራው ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ የሚታይበት ጊዜ አለ። ካርዱ ሥራ ላይ ነው፤ ግን ሥራ የሰጠው የለም። ሊኑክስ ካልተነገረው በስተቀር ሁሉንም ነገር በትንሹ ካርድ ነው የሚያስኬደው።

በመጀመሪያ ማረጋገጥ ነው። ተርሚናል የሚባለውን መስኮት ከፍተው፣ በላቲን ትናንሽ ፊደላት «ኤንቪዲያ»፣ ሰረዝ፣ ከዚያ «ኤስ-ኤም-አይ» ብለው ይጻፉ። የካርዱ ስም፣ የድራይቨሩ ቁጥርና ሙቀቱ በሰንጠረዥ ከመጡ ሦስቱም በሮች ተከፍተዋል። ስህተት የሚል መልስ ከመጣ ወደ ሦስተኛው በር ይመለሱ። ይህ ትእዛዝ ራሱ የተኛውን ካርድ እንደሚቀሰቅስ ግን ልብ ይበሉ፤ ካርዱ ተኝቶ ባትሪ እየቆጠበ መሆኑን በእሱ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ አሠራሩን መምረጥ ነው። ኡቡንቱና ሚንት «ፕራይም-ሴሌክት» በሚባል ትእዛዝ ሦስት ምርጫ ይሰጣሉ፤ ትንሹ ብቻ፣ ትልቁ ብቻ፣ ወይም «ኦን-ዲማንድ» ማለትም በጥያቄ ጊዜ ብቻ። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ከቱሪንግ ጀምሮ ያሉት ካርዶች ሥራ ሲያጡ ኤሌክትሪካቸውን ከሞላ ጎደል አጥፍተው መተኛት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ያሉት ይህን ስለማይችሉ፣ ባትሪ በሚጠብቁበት ቀን ወደ «ትንሹ ብቻ» ማዛወር ይጠቅማል።

በጥያቄ አሠራር አንድን ፕሮግራም ወደ ትልቁ ካርድ ለመላክ፣ ግኖም በሚባለው ገጽታ ላይ የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ተጭነው በትልቁ ካርድ አስነሣ የሚለውን መምረጥ በቂ ነው። ከተርሚናል ከሆነ ደግሞ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች «ፕራይም-ረን» የሚለውን ቃል ከፕሮግራሙ ስም ፊት ማስቀደም ነው። የብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ማስገቢያ በቀጥታ ከትልቁ ካርድ ጋር የተያያዘ መሆኑንም ይወቁ። «ትንሹ ብቻ» የሚለውን መርጠው ፕሮጀክተር አልበራም ካለዎት ማስገቢያው ተበላሽቶ አይደለም።

ካርድዎ የየትኛው ትውልድ ነው?

እስካሁን ያልነው ሁሉ በካርዱ ዕድሜ ይለያያል። የንግድ ቁጥሮቹ ደግሞ ያሳስታሉ። በአጭሩ እንዲህ ነው።

አርቲኤክስ 20፣ 30፣ 40 እና ጂቲኤክስ 16 ተከታታዮች፦ ቱሪንግና ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ክፍቱም ዝጉም የከርነል ሞጁል ይሠራላቸዋል፤ ኩባንያው የሚመክረው ክፍቱን ነው። ጂቲኤክስ 1650 እና 1050 በስም ቢቀራረቡም በሁለት የተለያዩ ዘመናት ያሉ ናቸው።

አርቲኤክስ 50 ተከታታይ፦ ብላክዌል ይባላል። የሚሠራው በክፍቱ የከርነል ሞጁል ብቻ ነው። ዝጉን ከጫኑበት ካርዱ አይነሣም፤ ስለዚህ «ኦፕን» የሚል ቃል ያለበትን ይምረጡ።

ጂቲኤክስ 10 እና 900 ተከታታዮች፣ እንዲሁም ኤምኤክስ 150 እና 250፦ ፓስካልና ማክስዌል ናቸው። ክፍቱ ሞጁል አይሠራላቸውም። የመጨረሻው ድራይቨራቸው የ580 ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ከ590 ጀምሮ ተሰናብተዋል። ድራይቨር ሲመርጡ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን 580ን ይውሰዱ። ከእነሱም የሚያንሱት፣ ኬፕለር የሚባሉት የ600 ተከታታይ ካርዶች በ470 ቀርተዋል።

የጉዳዩ መራራ ክፍል ያለው በሦስተኛው ረድፍ ነው። ፓስካል ካርዶች ከኩባንያው አዲስ ድራይቨር ተሰናብተዋል። ክፍቱ ኑቮ ደግሞ የሁለተኛውን በር ፊርማ ስላላገኘ ፍጥነታቸውን መጨመር አይችልም። የ580 ቅርንጫፍ ከአዳዲስ ከርነሎች ጋር መስማማት ያቆመ ቀን፣ ባለቤቱ ወይ አሮጌ ከርነል ላይ ይቀራል፣ ወይ ካርዱን በአንደኛ ማርሽ ይነዳል። ዊንዶውስ 11 የመለሳቸው ላፕቶፖች የያዙት ደግሞ በብዛት እነዚህኑ ካርዶች ነው። ከአንዱ ደጅ ተባርሮ በሌላው ደጅ የሚቆም እንግዳ ሆነዋል።

ስክሪኑ ከጠቆረ

ድራይቨር ከተጫነ ወይም ከርነል ከታደሰ በኋላ ስክሪኑ ጨልሞ ቢቀር ሲስተሙን ደግሞ ለመጫን አይቸኩሉ። ማሽኑ ሲነሣ «ሺፍት» ወይም «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የመነሻ ዝርዝሩ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር የቀድሞው ከርነል ተቀምጧል፤ በእሱ ይግቡና ድራይቨሩን ከዚያ ያስተካክሉ። ኑቮና የኩባንያው ድራይቨር አንድ ካርድ ላይ አብረው መሥራት አይችሉም። የዝግጁ ፓኬጆቹ አንዱ ጥቅም ኑቮን ራሳቸው ማገዳቸው ነው፤ በእጅ የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አራቱን በሮች መለስ ብለን እንያቸው። ሦስተኛውና አራተኛው በር በባለቤቱ እጅ ናቸው፤ ትንሽ ንባብና ትዕግሥት ይበቃቸዋል። የመጀመሪያውን በር የከርነሉ ደራሲዎችና ኩባንያው ሲሟገቱበት ኖረው፣ ከ2022 ወዲህ ለአዳዲሶቹ ካርዶች በአብዛኛው ተከፍቷል። ሁለተኛው በር ግን ከመጀመሪያውም እስከ ዛሬ በአንድ ኩባንያ እጅ ነው።

የኩባንያውም ክርክር መሰማት አለበት። ያልተፈረመ ፈርምዌር መከልከል ርካሽ ካርድን በውድ ካርድ ስም አስመስለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎችን ያስቸግራል፤ ደህንነትንም ይጠብቃል። ዝርዝሩን ይፋ ማድረግም ከተፎካካሪ ፊት ገበናን መግለጥ ነው ይላሉ። ነገር ግን ዋነኛው ተፎካካሪ ኤኤምዲ የግራፊክስ ካርዶቹን ዝርዝር መግለጫ መስጠት የጀመረው በ2007 ነው። ዛሬ የኤኤምዲ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ላይ ሲጫን፣ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከአራቱ በሮች የሚቀረው በአብዛኛው አራተኛው ብቻ ነው። ቫልቭ በ2022 ያወጣው፣ በሊኑክስ የሚሠራው ስቲም ዴክ የተባለው የጌም ማሽንም የተሠራው በኤኤምዲ ግራፊክስ ነው። እንግዲህ መክፈት ኩባንያን እንደማያከስር ምስክር አለ ማለት ነው።

የዚህ ጸሐፊ አቋም አጭር ነው። አንድ ኩባንያ ለሸጠው ዕቃ ድጋፍ ማቆም መብቱ ነው፤ ዘላለም ይደግፍ የሚል ሕግ የለም። ድጋፉን ባቆመበት ቀን ግን ቁልፉን ይዞ መሄድ የለበትም። እኔ አልጠግነውም ያለ ሰው፣ ሌላው እንዳይጠግነው መቆለፉ ከምስጢር ጥበቃ ይልቅ ገበያተኛን አዲስ ለማስገዛት ከመግፋት አይለይም። ለፓስካል ካርዶች የተፈረመው የፍጥነት ፈርምዌር ቢሰጥ ቀሪውን በጎ ፈቃደኞቹ ይሠሩት ነበር።

እስከዚያው ድረስ ገዢው ራሱን ይጠብቅ። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሳይጭኑ ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል። ተርሚናል ከፍተው በላቲን ትናንሽ ፊደላት «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» ብለው ሲጽፉ የካርዱ ትክክለኛ ስም ከነትውልዱ መለያ ይወጣል። ሻጩ «አርቲኤክስ ነው» ያለዎት ጂቲኤክስ ሆኖ፣ 1650 የተባለውም 1050 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ይህችን አንዲት መስመር ያንብቡ።